መብራት ጠፍቷል፣ እንግዳ በመንገድ ላይ ነው፣ ቢራው ሙቅ ነው። በምን ላቀዝቅዝ?

አጎትየው | እሑድ፣ ጠዋት 1፡40

ሰላም የመድረኩ ሰዎች። ቸኩያለሁ፣ ሰላምታውን ይቅርታ። ዛሬ የእህቴ ልጅ ክርስትና ነው። ቤተሰቡ በሙሉ ከሌሊት ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ነው። እኔ የመጠጥ ኃላፊ ተብዬ ቤት ቀርቻለሁ። ሁለት ሳጥን ቢራና ሦስት ሳጥን ለስላሳ ኮሪደሩ ላይ ተደርድሯል። ማታ ፍሪጅ ውስጥ ልደረድር ስል መብራት እልም አለ። እስካሁን አልመጣም።

እንግዳ የሚገባው 4 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ያለኝ፦ ሁለት ትልልቅ ሳፋ፣ ፍሪዘር ውስጥ ደርቀው የቀሩ አራት ሃይላንዶች፣ ጄኔሬተር ያለው ጎረቤት። ብልሃት ያለው ይናገር።

ሰናፍጭ | 1፡46

ጎረቤትህ ጄኔሬተር ካለው ምን ትጨነቃለህ? ፍሪዘሩ ውስጥ ጠቅጥቅበት። ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል።

ቆርኪ_ለቃሚ | 1፡58

አይበቃውም። ዘጠኝ ዓመት ቢራ ቤት ሠርቻለሁ። 120 ጠርሙስ ፍሪዘር ውስጥ ጠቅጥቀህ በግማሽ ሰዓት አይቀዘቅዝም፣ ለምሳም ላይደርስ ይችላል። ፍሪዘር የሚያቀዝቅዘው በአየር ነው። አየር ደግሞ ሙቀት በመቀበል ሰነፍ ነው። ከጠቀጠቅከውማ አየሩም መዞሪያ ያጣል። መሀል ያሉት ጠርሙሶች እርስ በርስ እየተሟሟቁ ይውላሉ።

እኛ መብራት ሲሄድ የምናደርገው እንዲህ ነው። ሳፋው ውስጥ መጀመሪያ ጠርሙሶቹን አቁም። በረዶውን በመሀል በመሀላቸው ሙላ። ከዚያ ውሃ ጨምር፣ እስከ ጠርሙሱ አንገት። ቆርኪው ከውሃው በላይ ይሁን። መጨረሻ ላይ ጨው በትን፣ ወጥ የሚሠራበት ተራው ጨው ይበቃል። ለአንድ ሳፋ ግማሽ ኪሎ ግድም። በእጅህ ወይም በማማሰያ አማስለው። በየሁለት ደቂቃው ጠርሙሶቹን አንገታቸውን ይዘህ ባሉበት አሽከርክራቸው። አትነቅንቅ! አሽከርክር።

አስር ደቂቃ ሳይሞላ ላብ ያልበዋል። ደንበኛ «ዛሬ ደግሞ መብራት አልጠፋም እንዴ?» ይለናል።

አጎትየው | 2፡03

ውሃ ለምን? በረዶ ብቻ አይሻልም? ውሃው በረዶውን አያቀልጥብኝም?

ቆርኪ_ለቃሚ | 2፡05

አዲስ የተቀጠረ ሁሉ ይህንኑ ይጠይቃል 😄 በረዶ ድንጋይ ነው። ጠርሙሱን እዚህ ነጥብ፣ እዚያ ነጥብ ላይ ነው የሚነካው። በመሀሉ ያለው አየር ነው። ውሃ ስትጨምር ግን ጠርሙሱ ዙሪያውን ይታቀፋል። ሳይንሱን የሚያውቅ ካለ ያስረዳህ፣ እኔ የማውቀው እጄ ሲደነዝዝ ነው።

ቴርሞሜትር | 2፡17

ተጠራሁ መሰለኝ። ውሃ ሙቀት የማስተላለፍ ችሎታው ከአየር 20 እጥፍ በላይ ነው። የፍሪዘሩ አየር ከዜሮ በታች 18 ሆኖ እንኳን ዜሮ ላይ ያለ ውሃ የሚቀድመው ለዚህ ነው።

የበረዶው መቅለጥም ኪሳራ እንዳይመስልህ። ሥራውን የሚሠራው ሲቀልጥ ነው። አንድ ኪሎ በረዶ ቀልጦ ውሃ ለመሆን 334 ኪሎ ጁል ሙቀት ይፈልጋል። ያንን የሚወስደው ከጠርሙሶችህ ነው። አንድ ባለ 330 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ከ22 ዲግሪ ወደ 5 ለማውረድ፣ ብርጭቆውን ጨምሮ፣ ሂሳቡ ወደ 85 ግራም በረዶ ይመጣል። አንድ ሳጥን 24 ጠርሙስ ነው፣ ስለዚህ 2 ኪሎ። በጣም ትንሽ ነው አይደል?

ግን ሌባ አለ። የቧንቧው ውሃ ራሱ መቀዝቀዝ አለበት። 20 ዲግሪ የሆነ አንድ ሊትር ውሃ ዜሮ ለመድረስ ብቻውን ሩብ ኪሎ በረዶ ይበላል። ስለዚህ ውሃ በማሰሮ አትገልብጥ፣ ክፍተቱን የሚሞላ ያህል ብቻ። ደግሞ አንዴ የቀዘቀዘውን ውሃ እንዳትደፋው! ለቀጣዩ ዙር እሱኑ ተጠቀም፣ በረዶ ብቻ ጨምርበት። አምስቱንም ሳጥን አንዴ አታስገባ። እንግዳ አንዴ አይጠጣም።

ባለፈው ዓመት ለእርጎ በገዛኋት ቴርሞሜትር ቤቴ ውስጥ ሞክሬዋለሁ። ሁሉም ከ21 ዲግሪ የተነሱ አንድ ዓይነት ጠርሙሶች ናቸው። ፍሪጅ ውስጥ 7 ለመድረስ 3 ሰዓት ገደማ ፈጀ። ፍሪዘር ውስጥ በ30 ደቂቃ 11 ላይ ነበር። በጨው በረዶ ውሃ እያሽከረከርኩት በ6 ደቂቃ 5 ገባ። ባለቤቴ «ይኼ ሰውዬ ለአንድ ቢራ…» ብላ ትታኝ ወጣች።

ሰናፍጭ | 2፡21

ጨውስ? ጨው በረዶ ያቀልጣል እንጂ ያቀዘቅዛል እንዴ?

ቴርሞሜትር | 2፡26

ሁለቱንም። ጨው ያለበት ውሃ ዜሮ ላይ አይረጋም። በረዶው ዜሮ ላይ ሆኖ እንኳን መቅለጡን ይቀጥላል። ለመቅለጥ የሚያስፈልገውን ሙቀት ደግሞ ከውሃው ይመነትፋል፣ ውሃው ከዜሮ በታች ይወርዳል። በግማሽ ኪሎ ጨው ከዜሮ በታች 5 አካባቢ ታገኛለህ። ጨዉን እስከ ጥግ ብታበዛው የገበታ ጨው ድንበሩ ከዜሮ በታች 21 ነው። እዚያ ድረስ መሄድ ግን አያስፈልግህም፣ ጠርሙስ ትሰብራለህ።

እንደልቡ_ከሜሪላንድ | 2፡31

እዚህ ሌሊት ነው፣ እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ነው። እዚህ ሀገር በረዶ በከረጢት ነዳጅ ማደያ ይሸጣል። በሐምሌ ኳስ ፌስቲቫል ጊዜ ኩለራችንን ሞልተን ጨው ጣል እናደርግበታለን። የሀበሻ ብልሃት ይመስለኝ ነበር። ለካ ፋራናይት የሚባለው ሰው በ1700ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ዜሮውን የተከለው በበረዶ፣ በውሃና በአንድ የጨው ዓይነት ድብልቅ ነው። እዚህ የአየሩ ሙቀት «32» ሲሉ ውርጭ መሆኑ የሚያናድደኝ በዚህ ምክንያት ነው ማለት ነው።

አንድ ሌላ ነገር። ጠርሙሱን በረጠበ ሶፍት ጠቅልሎ ፍሪዘር ውስጥ መክተት ቶሎ ያቀዘቅዛል ይላሉ። የሞከረ አለ?

ቴርሞሜትር | 2፡38

ሞክሬያለሁ። ከባዶው ጠርሙስ ጋር ያለው ልዩነት ለወሬ የሚበቃ አይደለም። ሶፍቱ ወፍራም ከሆነማ ብርድ ልብስ ታለብሰዋለህ። ከዚያ ሶፍቱ ብርጭቆው ላይ ይጣበቅና ስትልጥ ትውላለህ። እርጥብ ጨርቅ የሚሠራው ነፋስ ባለበት ነው።

ድሬ_ልጅ | 2፡44

አቦ ነፋስ ካላችሁማ ወደ እኛ ኑ! ድሬ ላይ አያቴ ሱቅ ነበራት። ፍሪጅ የሚባል ነገር አልነበራትም። ጓሮ ጥላ ሥር አሸዋ ትቆልላለች፣ ውሃ ታርከፈክፍበታለች። ጠርሙሶቹን እስከ አንገታቸው ትቀብራቸዋለች። ከላይ የረጠበ ጆንያ። ከሰዓት በኋላ ስታወጣቸው በረዶ አይሆኑም፣ ግን ደረት ያርሳሉ። በልጅነታችን ጆንያውን በየሰዓቱ ማራስ የእኔ ሥራ ነበር። ረስቼ ኳስ የሄድኩ ቀን በዚያው እርጥብ ጆንያ ነው የተገረፍኩት።

ዛሬ ግን ሰፈር ውስጥ በረዶ በፌስታል ይሸጣል። አያቴ ብታይ ጉድ ትል ነበር።

ባለ_ተሳቢው | 2፡50

ጅቡቲ መስመር ላይ የኖረ ሹፌር ይህንን ያውቀዋል። ጀሪካኑ ላይ ጆንያ ይሰፋል። ጆንያውን ታርሰዋለህ፣ ከመኪናው ጎን ታንጠለጥለዋለህ። መኪናው ሲሄድ ነፋሱ ውሃውን ያተነዋል፣ ውስጡ ይቀዘቅዛል። አዋሽን አልፈህ ሚሌ መስመር ስትገባ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ከጀሪካኑ ግን ጠበል የመሰለ ውሃ ትጠጣለህ። ጅቡቲ ከተማ ስትገባ ግን ያው ጆንያ አይሠራም። ለምን እንደሆነ እስከዛሬ አልገባኝም።

ሻርጃ_ሦስተኛ_ፎቅ | 2፡55

እኔ ልንገርህ ወንድሜ። የባሕር ዳርቻ አየር በእርጥበት የጠገበ ነው። ጆንያህ ላይ ያለው ውሃ የሚተንበት ቦታ ያጣል። ካልተነነ ሙቀት አይወስድም። እኛም እዚህ ነሐሴ ላይ ልብስ ማስጣት እንኳን አይቻልም። እርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ውሃ በረንዳ ላይ ባስቀምጥ ለሻይ ይደርሳል 😂

የእኔ ዘዴ፦ ሃይላንዱን ሙሉ በሙሉ ሳልሞላ አጋድሜ ፍሪዘር ውስጥ አስተኛዋለሁ። በረዶው በጎኑ በኩል ይሠራል። ሥራ ስሄድ የቧንቧ ውሃ እጨምርበታለሁ፣ ወዲያው ይቀዘቅዛል። ሙሉ ከሞሉት ግን ይፈነዳል። ውሃ ሲረጋ መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ይጨምራል።

እትዬ_ብርሌ | 3፡02

ልጆች፣ እናንተ ፍሪጅ ስትሉ እኛ እንስራ እንላለን። ያልተቀባ፣ አዲስ እንስራ ውስጥ ያደረ ውሃ ላብ ያወጣል። ላቡ ነው የሚያቀዘቅዘው። እንስራው በቅባት ከተሟሸ ወይም ላዩ ከተለሰነ ላቡ ይደፈናል፣ ውሃውም ለብ ይላል። ናይጄሪያ ውስጥ አንድ መምህር ድስት በድስት ውስጥ አድርጎ በመሀሉ እርጥብ አሸዋ ጨምሮ አትክልት ማቆያ ሠራ ተብሎ ተሸልሟል ሲባል ሰምቼ ሳቅሁ። ያው የእኛ ነገር ነው።

አጎትየው ልጄ፣ ለሕፃን ክርስትና የመጣ እንግዳ በረዶ የሆነ ነገር ከጠጣ ቶንሲል ይይዘዋል። ለብ ብሎ ቢጠጣ ምን ይሆናል? ጠላ አልጠመቃችሁም?

አጎትየው | 3፡06

እትዬ፣ ጠላው ጋን ሙሉ አለ፤ እናቴ ጠምቃዋለች፣ እሱ አያሳስበኝም። የቢራውና የለስላሳው ነገር ነው። ያልቀዘቀዘ ቢራ ካቀረብኩ የእህቴ ባል ወገኖች ዕድሜ ልካቸውን ያወሩብኛል።

ተረኛዋ_ነርስ | 3፡11

እትዬ፣ በአክብሮት ላርምዎት። ቶንሲል የሚመጣው ከጀርም ነው፤ ከቫይረስ ወይም ከባክቴሪያ። ቅዝቃዜ ብቻውን አያመጣውም። ጉሮሮው ቀድሞ የቆሰለ ሰው ቢያመው ግን አይገርምም።

በረዶ ግን ሌላ መንገድ አለው። ቅዝቃዜ ጀርም ሁሉ አይገድልም፣ ብዙው እዚያው ተኝቶ ይቆያል። አጎትየው፣ የምትገዛው በረዶ ከምን ውሃ እንደተሠራ አታውቅም። ስለዚህ ከውጭ ብቻ፤ ብርጭቆ ውስጥ አንድም ፍሬ እንዳይገባ። ጠርሙሱን ከሳፋው ስታወጣ አፉንና ቆርኪውን በንጹህ ጨርቅ ጥረገው። የጨው ውሃውም ከንፈር ላይ ደስ አይልም።

አጎትየው | 3፡14

ጨርቁን ይዣለሁ። በረዶ ግን ከየት? እሑድ ጠዋት ነው።

ቆርኪ_ለቃሚ | 3፡16

ዓሣ የሚሸጥበት ቤት ሂድ። ዓሣ ያለ በረዶ አያድርም። ለሁለት ሳጥን ቢራ 7 ወይም 8 ኪሎ ያዝ። ግን ፌስታሉን አጥበው፣ አለዚያ ቢራህ ዓሣ ዓሣ ይሸታል። ፍሪዘርህ ውስጥ ያሉትን አራት ሃይላንዶች ደግሞ ሳትከፍት እንዳሉ ሁለተኛው ሳፋ ውስጥ ከለስላሳው ጋር ጨምራቸው። ቀስ ብለው ያቀዘቅዙታል።

ሰናፍጭ | 3፡19

እሺ ተሸንፌያለሁ። ግን ፍሪዘርን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፈው ፋሲካ አስር ቢራ ከትቼ ረሳሁ። ሌሊት «ጧ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሌባ መስሎኝ ዱላ ይዤ ወጣሁ። ፍሪዘሩ ውስጥ ሦስት ጠርሙስ ተሰነጣጥቆ ዶሮው ላይ የቢራ በረዶ ተንጣሏል። አንዱ ደህና መስሎኝ ብከፍተው ፈሳሽ የነበረው ዓይኔ እያየ ወደ በረዶ ተለወጠ! ከአንገቱ ወደ ታች፣ ነጭ ነጭ እያለ። አስማት ነው የመሰለኝ።

ቴርሞሜትር | 3፡24

አስማት አይደለም፣ ደስ የሚል ነገር ነው። ቢራው ከመርጊያው በታች ወርዶ ግን ሳይረጋ ቆይቶ ነበር። ስትከፍተው ግፊቱ ለቀቀ፣ አረፋው ተነሳ፣ ረጋ። 5 በመቶ አልኮል ያለው ቢራ የሚረጋው ከዜሮ በታች 2 ወይም 3 አካባቢ ነው። ለስላሳ ከእሱ ይቀድማል፣ ውሃ ደግሞ ከሁሉም በፊት። ስለዚህ አጎትየው፣ የጨዉ ሳፋ ውስጥ የሚገባው ቢራው ይሁን። ለስላሳውንና ውሃውን ጨው በሌለበት አድርግ። ጨው የሌለው የበረዶ ውሃ ከዜሮ አይወርድም፣ ቀኑን ሙሉ ብትረሳው አያረጋብህም። የጨዉን ግን ስልክህ ላይ 10 ደቂቃ ሙላ። ሲጮህ አውጣ!

እንደልቡ_ከሜሪላንድ | 3፡27

ካሽከረከርከው በኋላ ወዲያው አትክፈት፣ ትንሽ ይረፍ። አለዚያ የክርስትናውን ልብስ ታጥበዋለህ።

ባለ_ተሳቢው | 3፡30

መብራት ከመጣ ደግሞ ፍሪጁን ነቅለህ ጠብቅ። ሲመጣ ኃይሉ ይንጣል። አምስት አስር ደቂቃ ቆይተህ ሰካው። እኔ ኮምፕሬሰር የከሰርኩት በዚህ ነው።

አጎትየው | 3፡33

ዓሣ ቤት እየሄድኩ ነው። እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም።

እትዬ_ብርሌ | 7፡15

ምን ደረሰ? ልጁ ጠፋ እኮ።

ድሬ_ልጅ | 7፡40

ሳፋው ውስጥ ገብቶ ይሆናል፣ ሙቀቱ ሲበዛበት።

አጎትየው | ማታ 2፡20

ይቅርታ አድርጉልኝ፣ አሁን ነው የተቀመጥኩት።

8 ኪሎ አገኘሁ። ዓሣ ቤቱ ሰውዬ «ለክርስትና ነው» ስለው ጨምሮልኛል። ፌስታሉን ሁለቴ አጥቤዋለሁ። በረዶውን በሙቀጫ ዘነዘና እየሰባበርኩ ሞላሁ። ጨዉን ስበትን ሳፋው ውስጥ «ጭጭጭ» የሚል ድምፅ ይሰማ ነበር። የሳፋው የውጭ ጎን ላይ ነጭ ውርጭ ወጣ! እጄን ከግማሽ ደቂቃ በላይ ማቆየት አልቻልኩም። የመጀመሪያዎቹን አሥራ ሁለት ሳወጣ ጠርሙሶቹ ጉም ለበሱ። የእህቴ ባል አጎት አንዱን ይዘው «ጄኔሬተር ተከራይታችሁ ነው?» አሉኝ። ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ።

ስህተትም ሠርቻለሁ። ካህኑ ሲባርኩ ቆሜ ስልኬ ኪሴ ውስጥ እየጮኸ አጠፋሁት። በሁለተኛው ዙር ስድስት ቢራ ሳፋው ውስጥ ተረሳ። አንዱ ታችኛው በኩል ተሰነጠቀ። አምስቱ ውስጣቸው ገንፎ ሆኗል። ወጣቶቹ በማንኪያ በሉት።

መብራት የመጣው 9 ሰዓት ላይ ነው፣ እንግዳው ከሄደ በኋላ። ባለ ተሳቢው እንዳልከው ነቅዬ ጠብቄያለሁ።

እትዬ፣ እውነት ለመናገር ግን ቅድሚያ ያለቀው ጠላው ነው። ከሽማግሌዎቹ ግማሾቹ ለስላሳ ስሰጣቸው «ኖርማል የለም?» አሉኝ። ኖርማሉ ኮሪደር ላይ ሦስት ሳጥን ሙሉ ነበር።

እትዬ_ብርሌ | 2፡31

😂 ብዬህ ነበር። ልጁን እግዚአብሔር ያሳድገው።

ቴርሞሜትር | 2፡34

የሳፋው ውጭ ውርጭ መሥራቱ ከዜሮ በታች መውረድህን ያሳያል። ጎበዝ። ውሃውንስ ምን አደረግከው?

አጎትየው | 2፡36

ጓሮ ደፋሁት። እናቴ ጌሾ ሥር።

ቆርኪ_ለቃሚ | 2፡37

ኧረ በማርያም!

ቴርሞሜትር | 2፡38

ጨው ተክል ያደርቃል እኮ! አሁኑኑ ተነስ። ንጹህ ውሃ በብዛት አፍስስበት፣ ጨዉ ከሥሩ ታች እንዲወርድ። አንድ ባልዲ አይበቃም፣ ስድስት ሰባት ይሁን። ነገም ድገመው።

አጎትየው | 2፡39

ቧንቧው ውሃ የለውም።

እትዬ_ብርሌ | 2፡41

ያ ሁለተኛው ሳፋ ውስጥ፣ ለስላሳው የነበረበት ጨው የሌለበት ውሃ የት ደረሰ? እሱን አፍስስበት። እናትህ ሳትነሳ።